ሐሙስ ጫማ ባለቤት የለውም

ሞቶ መቶ ዓመት ያለፈው ንጉሥ ምሳ ይበላል ወይስ አይበላም?

"አይበላም" ለማለት የቸኮላችሁ ቆዩ። እኔ ከማዕዱ ቀምሻለሁ። በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ጣቴን ልሼ፣ ይጨመርልኝ ብዬ አልቅሻለሁ። ስለዚህ የበላ ይናገር፣ ያልበላ ያዳምጥ።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ዓርብ ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ የጀልዴሳ ዛዊያ የልማት ኮሚቴ ጸሐፊ አብዲራሺድ ማይክራፎኑን ያዘ። አብዲራሺድን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። መሐንዲስ ነው፣ እጁ ንጹሕ ነው፣ ለዛዊያው ጣሪያ ሲለፋ ዓይቼዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስቆጣው የግል ጠብ እንዳይመስላችሁ ነው።

"ከመጪው ወር ጀምሮ" አለ፣ "የሱልጣን ሰሐን የሚባለው ልማድ ይቆማል። ሱልጣን የለም። ኢስታንቡል የነበረው መንግሥት ፈርሷል፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማሩታል። ለሌለ ሰው ሩዝ የምንቀቅለው እስከ መቼ ነው? የጓሮው ክፍል ቢሮ ይሆናል። ሐሙስ ሐሙስ እዚያ በር ላይ የሚቆለለው ጫማም ሥርዓት ይበጅለታል፤ ቁጥር የተጻፈበት መደርደሪያ አሠርተናል። የገዛ አያቴ የሼኽ ቡራሌ ጫማ የተሰረቀው በዚያ በር ነው። ሽማግሌዎች ታስታውሳላችሁ።"

ሽማግሌዎቹ ምንጣፉን አዩ። ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ሳቀ። እኔ ያለሁት ከመጋረጃው ወዲህ ከሴቶቹ ጋር ነው፤ ሳቁን ግን አወቅሁት። የአባቴ ሳቅ ነበር።

አባቴ ዐብዲቃድር አርጅቷል። እግሩ ከድቶታል፤ ድምፁም ከሕመሙ ወዲህ አጠገቡ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ አያልፍም። ሳቁ ብቻ እንደ ድሮው ነው። ባጃጅ ውስጥ ደግፌ አስገብቼው፣ የራሴ ደም እየፈላ፣ ጠየቅሁት።

"ምን ያስቃል፣ አባ? ቤቱን ገድለው ሊቀብሩት እኮ ነው።"

"ጫማው አልተሰረቀም፣ አባ" አለኝ። እንደ ሶማሌ ወግ፣ በእኛ ቤት አባት ልጁን መልሶ "አባ" ብሎ ይጠራል። "እኔ ጋ ነው። አልጋዬ ሥር።"

ስለዚያ ጫማ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሁሉ በአንድ የባጃጅ ጉዞ ተገለበጠ። እንግዲህ መጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዛዊያ ሶላት የሚሰገድበት፣ መውሊድ የሚወጣበት፣ መንገደኛ የሚያርፍበት ቤት ነው። የእኛው የሚገኘው ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ነው። የጀልዴሳ ዛዊያ የተባለው ድሬዳዋ ከተማ ሳትሆን፣ ከዘይላ የሚመጡት ግመሎች ጀልዴሳ ላይ ሲያርፉ፣ እዚያ ስለተቋቋመ ነው። አባቶች እንደሚሉት በዚያን ጊዜ በሱልጣን ስም የመጡ የግብፅ ወታደሮች ጀልዴሳ ሰፍረው ነበር። ሹማቸው ለዛዊያው እህል ሰጠ፤ በምላሹ አንድ ነገር አዘዘ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ማንም እጁን ከመዘርጋቱ በፊት፣ የመጀመሪያው ሰሐን ለሱልጣን ይቅረብ አለ። ሱልጣኑ ባሕር ማዶ ነው። በእሱ ስም የሚበላው ሹሙ ራሱ ነው። ትዕቢት ነው፤ አላስውበውም።

ከዚያ ወታደሮቹ ሄዱ። ባቡር መጣ፤ ግመሎቹ ሥራ ፈቱ፤ ዛዊያውም ሰሐኑንና መጋረጃውን ጭኖ ባቡሩ ወዳለበት ወደ ድሬ መጣ። ሱልጣኑ ከዙፋኑ ወረደ። የአዲስ አበባው ንጉሠ ነገሥትም በተራው ወረደ። ደርግ ገባ። ሰሐኑ ግን ሐሙስ ሐሙስ ይቀርባል።

እኔ በስምንት ዓመቴ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም። የማውቀው ሱልጣኑ ጓሮ ባለው ክፍል ውስጥ እንደሚኖር ነው።

ሐሙስ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ሲያልቅ እኛ ልጆች ከክፍሉ ፊት እንሰለፋለን። በሩ ላይ ጫፉ በአቧራ ቡኒ የሆነ አረንጓዴ መጋረጃ አለ። ከበስተጀርባው የሂልና የቅርንፉድ፣ የፍየል ሥጋና የትኩስ ሩዝ ሽታ ይመጣል። ሰው ቀስ ብሎ ሲበላ ይሰማል። ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታው ሲረዝም ሆዴ ይጮሃል። ከዚያ በመጋረጃው መሐል አንድ እጅ ይወጣል።

እጁ እስከ ጣቶቹ ድረስ በሰፊ የሐር እጅጌ ተሸፍኗል፤ አውራ ጣቱ ላይ የነሐስ ቀለበት አለ። ለእያንዳንዳችን አንድ ጭብጥ ሩዝ በዘቢብና አንድ ተምር ይሰጠናል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሱልጣን ሰሐኑን አይጨርስም፣ ግማሹ የሕዝቡ ነው። ሕዝቡ እኛ ነን። "ሱልጣን፣ አላህ ዕድሜ ይስጥህ" እንላለን። እጁ አይመልስም። ወደ ውስጥ ይገባና ለሚቀጥለው ልጅ ይወጣል።

"ሱልጣን የለም" ይል ነበር አብዲራሺድ። የዛዊያው ኃላፊ ሼኽ ቡራሌ አያቱ ስለሆኑ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። "አስተማሪያችን ነገሥታት ተወግደዋል ብለዋል።"

"ታዲያ እጁ የማን ነው?"

"የሆነ ሰው።"

"የሆነ ሰው ቀለበት አለው?"

"አቦ፣ አትጨቅጭቂኝ። የለም ካልኩሽ የለም።"

ይህን ሁሉ የሚለኝ ሰልፉ ላይ ከፊቴ ቆሞ ነው። ሱልጣን የለም እያለ ተምሩን ይቀበላል። ሰውየው እስከ ዛሬ ሐሳቡን አለመለወጡን ሳስብ አንዳንዴ ቁጣዬ ወደ አድናቆት ይጠጋል።

ማብሰያ ቤቱ የኤዶ ኩልሚዬ ነበር። ኤዶ ማለት አክስት ነው። የሥጋ ዝምድና የለንም፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንዲያ ይላታል። ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ ድሪያዋን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ከእኔ ቁመት የሚረዝም ጭልፋ ይዛ ድስቱን ስታማስል ወንዶቹ እንኳ ቀስ ብለው ነው የሚያልፉት። እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ከሩዙ ጠጠር እለቅማለሁ። እሷና ረዳቷ ሂንዳ ሲያወሩ እሰማለሁ።

"የዛሬው ሱልጣን ቀጭን ነው" ትላለች ኤዶ። "ቅቤ ጨምሪ።"

"ያለፈው ሳምንቱስ?"

"እሱ ተሻለው። ሥራ ተገኘለት አሉ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"የዛሬው ልጆች አሉት?"

"ቤት ሙሉ። ሥጋውን ከላይ አትደርድሪው፣ ሩዙ ሥር ቅበሪው። ሰውየው ያፍራል።"

ሱልጣን አንድ ሳምንት ይወፍራል፣ አንድ ሳምንት ይከሳል። አንዳንዴ ልጆች አሉት፣ አንዳንዴ የለውም። ለእኔ ይህ የንጉሥ ተአምር ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልገባ አለኝ።

"ኤዶ፣ ሱልጣን ሥራ ይፈልጋል እንዴ?"

ሁለቱ ተያዩ።

"መንገሥ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ፣ ኢፍራህ?" አለች ኤዶ። "በይ ጠጠርሽን ልቀሚ።"

አድጌ የተረዳሁት ይኸውና። ወታደሮቹ ጀልዴሳን ለቀው ሲሄዱ ሰሐኑ በላተኛ አጣ። የዛዊያው ሰዎች ቃል የገቡበትን ማዕድ ማስቀረት ፈሩ፤ ዝም ብለው እያቀረቡ ሲቀዘቅዝ ያዩ ነበር። አንድ ሐሙስ በራቸው ላይ ግመሎቹ ያለቁበት ነጋዴ ተቀምጦ አገኙ። ከሚለምን ቢሞት የሚመርጥ ሰው ነው። ብላ ቢሉት አይበላም። ስለዚህ እነሱ ለመኑት። "ሱልጣኑ ርቆብናል፤ ሰሐኑ ሳይበላ ካደረ ቃላችን ይፈርሳል። እባክህ ወኪል ሁንልን" አሉት። ሰውየው ውለታ ዋለላቸው፤ በላ።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ የዛዊያው ሼኽ ነገር የጎደለበትን አንድ ቤት ያንኳኳል። ያንኑ ልመና ይለምናል። ወኪሉ በጓሮ በር ይገባል፣ የሱልጣኑን ካባና ቀለበት ያደርጋል፣ ይበላል፣ ግማሹን ለልጆች ያድላል፤ ሲሄድ የወኪል ድርሻ ተብሎ ሩዝና ስኳር በከረጢት ይሸከማል። ማን እንደነበር ቤቱ ተናግሮ አያውቅም። የንጉሥ ትዕቢት የሠራውን ሰሐን ወስደው የችግረኛ ኩራት መጠበቂያ አደረጉት። ከዚህ የበለጠ የፖለቲካ ሥራ አንብቤም አይቼም አላውቅም፤ ብዙ አንብቤያለሁ።

ያን ዓመት ክረምት ደቻቱ መጣ። ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ደረቅ አሸዋ ነው። ድሬ ሳይዘንብ ተራራው ላይ ይዘንባል፤ ውኃው ሳይጠሩት ይመጣል፣ የፈለገውን ይዞ ይሄዳል። የአባቴ የጨርቅ መደብር ዳሩ ላይ ነበር።

ጠዋት ከእናቴ ከማርያን ጋር ስንሄድ የወንዙ ዳር በሙሉ ጨርቅ ለብሷል። ቢጫ ሽቲ፣ ሮዝ ድሪያ፣ ሰማያዊ ሻሽ፤ በእሾህ ቁጥቋጦ ላይ፣ በድንጋይ ላይ፣ በተገነደሰ ዛፍ ላይ። ዒድ የመጣ መሰለኝ። አጨበጨብኩ። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ እጆቼን በእጆቿ መሐል ያዘቻቸው እንጂ። አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ሲያየኝ አንድ ቀይ ሻሽ ከጭቃው ጎትቶ እንደ ባንዲራ አውለበለበልኝ።

ከዚያ "ዒድ" በኋላ አባቴ ሀብታም ሆነ ብዬ ደመደምኩ። ማስረጃ ነበረኝ። መጀመሪያ ነገር፣ ሱቅ መሄድ ተወ፤ ሀብታም ሰው አይሠራም። ሁለተኛ፣ እራት ሲቀርብ ድርሻውን ወደ እኔና ወደ ታናናሾቼ ይገፋል።

"ከዚራ በልቼ መጣሁ" ይላል።

ከዚራ ማለት የባቡር ሹማምንት ቪላዎች፣ በዛፍ የተሸፈኑ ጎዳናዎች፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ማለት ነበር።

"ምን በላህ?"

"ማካሮኒ።"

"በሥጋ?"

"በሥጋ። ላዩ ላይ አይብ ነስንሰውበታል።"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳይጋብዛት ስለበላ የቀናች መሰለኝ።

ከዚራ መሄዱ እውነት ነው። ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ እራት የሚበላበት ሰዓት እስኪያልፍ ይጠብቅ ነበር። ይህንንም የነገረኝ ባለፈው ዓርብ ነው፤ ሲነግረኝም ማካሮኒው ላይ አይብ መጨመሩን እንደ ትልቅ ብልሃት እየቆጠረ ይስቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ሱልጣኑ እኔን መረጠኝ። ተራዬ ደርሶ መዳፌን ስዘረጋ ተምሩ ሁለት ሆነ። ሩዙ ከመዳፌ ሞልቶ እስከ ክንዴ ፈሰሰ። እጁም እንደ ወትሮው ቶሎ አልተመለሰም። የሐሩ እጅጌ አንጓዬ ላይ አረፈ፤ አንድ ጣት መዳፌን ጫን አድርጎ ለቀቀ።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ፤ ለአባቴ እስክነግረው አላስቻለኝም። ዘግይቶ መጣ። ሂል ሂል ይሸታል።

"አባ፣ ሱልጣኑ ያውቀኛል።"

"ተይ እንጂ።"

"ወላሂ። ሁለት ተምር ሰጠኝ። ለአብዲራሺድ አንድ ብቻ።"

"ምን ይመስላል ታዲያ?"

"እጁን ብቻ ነው ያየሁት።"

"እጁስ እንዴት ነው? ጥሩ እጅ ነው?"

ለማነጻጸር የአባቴን እጅ ያዝኩና አገላብጬ መረመርኩት። "ከአንተ በጣም ይበልጣል" አልኩት። "ያንተ ቀጭን ነው። የእሱ የንጉሥ እጅ ነው።"

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። "ማርያን፣ ሰማሽ? የእኔ ቀጭን ነው፣ የእሱ የንጉሥ እጅ ነው።" እናቴም ሳቀች። ከጎርፉ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ማታ ነው። አሁን ሳስበው ሦስታችን በሦስት ምክንያት ነበር የሳቅነው፤ ቤቱ ግን አንድ ነበር፣ ሞቆ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጫማው ደረስን።

አባቴ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነበረው። የግራው ተረከዝ ተቀድዶ ሊስትሮው ጥቁር ክር ስላለቀበት በቢጫ ሰፍቶለታል። ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። ወኪሎች ጫማቸውን ይዘው ነበር የሚገቡት። አባቴ ዳግመኛ ወኪል በሆነበት ሐሙስ ግን ጭቃ ነበር፤ የክፍሉን ምንጣፍ ላለማቆሸሽ ጓሮ በር ላይ አወለቀው። እኔ ውኃ ልጠጣ ወደ በርሜሉ ስዞር ቢጫውን ክር አየሁ።

ሌላ ልጅ ብትሆን ይገባት ነበር። እኔ ብልጥ ነኝና የገባኝ ሌላ ነው። አባቴ የሱልጣኑ ጓደኛ ነው። የከዚራው ማካሮኒ፣ የሂሉ ሽታ፣ ሁለቱ ተምሮች፣ እናቴ ጥግ የደበቀችው የሩዝ ከረጢት፣ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። አባቴ ሚኒስትር ነው።

ወደ ሰልፉ ሮጥኩ። ግቢው ሰው ሞልቶታል፤ ልጆች፣ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ እናቶች፣ ጥላ ላይ የተቀመጡ ነጋዴዎች።

"አባቴ ውስጥ ነው" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "ጫማው ጓሮ በር ላይ አለ። አባቴ ከሱልጣን ጋር እየበላ ነው።"

ከመጋረጃው ጀርባ ይሰማ የነበረው የአበላል ድምፅ ቆመ።

"ውሸታም" አለ አብዲራሺድ። "እስቲ አሳዪን።"

ልጆቹ ወደ ጓሮ ሊሮጡ ተነሡ። ኤዶ ኩልሚዬ መተላለፊያው ላይ ጭልፋዋን ይዛ ቆመች፤ ስትቆም መተላለፊያ የሚባል ነገር አልቀረም። "ማን ነው በእኔ ድስት አጠገብ የሚሮጠው?" አለች። ሼኽ ቡራሌ ከተቀመጡበት ምንጣፍ ተነሡ። ሙስባሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ኪሳቸው ከተቱ። ምንም ሳይናገሩ፣ ባዶ እግራቸውን፣ በእሷ አጠገብ ወደ ጓሮ ዞሩ።

ሲመለሱ የአባቴን ጫማ አድርገው ነበር። እግራቸው ትንሽ ነው፤ ተረከዙ በየእርምጃው ቷ ቷ ይላል። ቀጥታ ወደ ግቢው በር አልሄዱም። ነጋዴዎቹ ጋ ቆመው ሰላም አሉ፣ እናቶቹ ጋ ቆመው ስለ ልጆቻቸው ጠየቁ፤ ቢጫውን ክር ያላየ ሰው እንዳይቀር አድርገው ነው የዞሩት። ከዚያ ቷ ቷ እያሉ ወጥተው ሄዱ።

"ይኸው ጫማው" አለች ኤዶ። "ሁላችሁም አያችሁ?"

"የአባቴ ነው እኮ" አልኩ።

"ኢፍራህ፣ ሩዙ ይቀዘቅዛል።"

እጁ በመጋረጃው መሐል ወጣ። ለእኔ ያን ቀንም ሁለት ተምር ሰጠኝ።

ሲጨላልም አባቴ በጓሮ መንገድ መጣ፤ እግሩ ላይ ሼኽ ቡራሌ ትተውት የወጡት ቢጫ ነጠላ ጫማ አለ። ከዓደን የመጣ ነው፣ መጋላ ውስጥ የማያውቀው የለም።

"አባ" አልኩት፣ "ሼኹ ጫማህን ሰረቁህ።"

"አዎ" አለ።

"ሱልጣኑ ደግሞ በምትኩ የእሳቸውን ሰጠህ።"

"ልክ ነሽ፣ አባ" አለ። "እንደዚያ ነው የሆነው።"

ዓለም ፍትሕ አላት ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ አብዲራሺድ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀኝ። "የአያቴ ጫማ ተሰረቀ" አለኝ።

"አያትህ ናቸው የአባቴን የሰረቁት።"

"አያቴ ሌባ አይደሉም።"

"ታዲያ እግራቸው ላይ ያለው ምንድን ነው?"

ከንፈሩ አበጠ፤ የእኔም ሹሩባ በአንድ በኩል ተፈታ። ሁለታችንም ያየነውን አጥብቀን ይዘን፣ ሁለታችንም ተሳስተን፣ ወደየቤታችን ሄድን። እሱ ያን ስሕተት እስከ ማይክራፎኑ ይዞት መጣ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ወደ ጓሮ ስዞር በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል። የነጋዴዎቹ የቆዳ ጫማ፣ የሾፌሮቹ ሸበጥ፣ የተሸካሚዎቹ በረባሶ። የሼኽ ቡራሌ፣ ማለትም የአባቴ፣ ጥቁሩ ጫማ ከላይ ጉብ ብሏል። ወንዶቹ ሁሉ የፊቱን በር ትተው በጓሮ አውልቀው ነበር። ሲወጡም ማንም የራሱን አልፈለገም። እግሩ ያገኘውን አጥልቆ ይሄዳል። ሀብታሙ ነጋዴ በበረባሶ ወጣ፤ አንዱ ተሸካሚ በሚያብረቀርቅ ጫማ እየተንጎራደደ ተከተለው።

"የእኔ የትኛው ነበር?"

"ሐሙስ ጫማ ባለቤት የለውም።"

"የእግርህ ሽታ ግን ባለቤት አለው፣ ወንድሜ።"

ሱልጣኑ ብዙ ሚኒስትሮች ሾመ ብዬ ደስ አለኝ። የአባቴ ሹመት በመርከሱ ብቻ ቅር አለኝ።

ማንም ስብሰባ አልጠራም። ማንም ለማንም አላስረዳም። አንዲት ልጅ በጩኸቷ የከፈተችውን ቀዳዳ በጫማቸው ደፈኑት፤ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ እስከ ዛሬ የዚያን በር ጫማ አይቶ ማን ውስጥ እንዳለ ሊናገር የሚችል ሰው የለም።

በዓመቱ አባቴ በባቡር ከጅቡቲ በሚመጣ ጨርቅ ሱቁን መልሶ ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ የዛዊያው ሩዝ ከእሱ ቤት ሳይላክ የቀረበት ዓመት የለም። ነጠላ ጫማውን ሊመልስ ሄዶ ነበር። ሼኹ አልተቀበሉትም። "ሐሙስ የተለወጠ አይመለስም" አሉት። የአባቴን ጥቁር ጫማ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀው እስኪሞቱ አደረጉት።

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?" አልኩት ባጃጁ ውስጥ።

"ቤቱ አይናገርም። የበላው ግን ሲያስፈልግ መናገር ይችላል።"

"አሁን ያስፈልጋል?"

"ያስፈልጋል። የእኔ ድምፅ ግን አይወጣም። ያንቺ ይወጣል።" እጁን መዳፌ ላይ አኖረና ጫን አደረገው። "ያን ቀንም በደንብ ወጥቶ ነበር።"

ይኸው ወጣ።

ሰሐኑ የፈረሰ መንግሥት ቅሪት ነው ትላላችሁ። አዎ፣ ነው። ታዲያ ምን ይሁን? መንግሥት ሲፈርስ የሠራው ክፉ ነገር ሁሉ አብሮት አይፈርስም፤ ያን እናውቀዋለን፣ ስንቱን ተሸክመን እንኖራለን። ሕዝብ ከንጉሥ እጅ ነጥቆ የተሻለ ያደረገው አንድ ሰሐን ሲገኝ ግን "የንጉሥ ነበር" ተብሎ ይሰበራል? ለሌለ ሰው ሩዝ ይቀቀላል ብለሃል፣ አብዲራሺድ። ትናንት ማብሰያ ቤቱን ዛሬ የያዘችውን ሂንዳን ጠየቅኋት። "የዚህ ሳምንት ሱልጣን እንዴት ነው?" አልኳት። "ቀጭን ነው" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ቅቤ ግን ስትጨምር አየሁ። ቁጥር ያለው መደርደሪያህም ሥርዓት አይደለም። ለእያንዳንዱ ጫማ ባለቤት መስጠት ነው። በዚያ በር ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ የተስማማው ይህ እንዳይሆን ነው።

የአያትህ ጫማ ተገኝቷል። የፊታችን ሐሙስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አባቴ ይዞት ይመጣል። ጓሮ በር ላይ ወንበር ይወጣለታል። ያለ መጋረጃ፣ ያለ ካባ፣ ቀጭኑን እጁን ገልጦ ይቀመጣል። አንተም ያንኑ ማይክራፎን ይዘህ ና። "ሱልጣን የለም" ያልከውን ፊት ለፊቱ ድገምለት። ይህን ካልቻልክ ነጠላ ጫማውን ተቀበል፣ እግርህን አስገባና ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ተናገር፦ ሼኽ ቡራሌ ያን ቀን የሌላ ሰው ጫማ አድርገው በሰው መሐል የዞሩት ለምን ነበር?

ለእኔ በጓዳ አትመልስልኝ። ድሬ እየሰማች መልስ።